በሊትር ስንት ትሄዳለች?

የዚህ ሰሞን ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሃይብሪድ (የቤንዚንም የኤሌክትሪክም ሞተር ያላት) ይሻላል ወይስ ናፍታ? ሦስቱን መርጬ መልሻለሁ። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ገጽ ወስዶታል። ያልመለስኩላችሁ አትቀየሙኝ፤ ወረፋችሁ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ መገናኛ ነው። በቀን ደርሶ መልስ 44 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። በወር አንዴ ደግሞ እናቴን ለመጠየቅ አዳማ እወርዳለሁ። ያለችኝን አሮጌ መኪና ሸጬ ነዳጅ የምትቆጥብ ልገዛ ነው። ደላላው ሁለት አሳይቶኛል። አንዷ የ2010 ሞዴል ፕሪየስ ናት፤ ሃይብሪድ። «በሊትር 30 ትሄዳለች፣ ማደያ የሚባል ነገር ትረሳለህ» ይለኛል። ሌላዋ የ2008 ሞዴል ኮሮላ ዲ4ዲ ናት፤ ናፍታ፣ ባለ ማንዋል ካምቢዮ። «እሷ 26 ትሄዳለች» አለኝ። መሥሪያ ቤት ስጠይቅ ግማሹ ሃይብሪድ ይለኛል፣ ግማሹ ናፍታ። ኤሌክትሪክ እንዳልገዛ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ቻርጅ የማደርግበት ቦታ የለኝም። እውነቱን ንገረኝ።
አንባቢ፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለአንተ መንገድ ፕሪየሷን ውሰድ እልሃለሁ። ግን በሊትር 30 አትሄድልህም። ኮሮላዋም 26 አትሄድልህም። እነዚህን ቁጥሮች አምነህ የወር ወጪህን እንዳትመድብ። ለምን እንደዚህ እንደምልህ፣ ከማልረሳው አንድ ነገር ልጀምር።

ከስድስት ዓመት በፊት ገላን የምትኖር አንዲት ደንበኛዬ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። በዚያው ሳምንት የልጄን ፕሪየስ ይዤ ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ወርጄ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ሞልቼ ተነሳሁ። አዳማ ስደርስ መልሼ ሞላሁ። ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ አካፈልኩ፤ 25 መጣ። «25 ትሄዳለች» አልኳት። ሴትዮዋ አመነችኝና ገዛች። ከሁለት ወር በኋላ ጋራዤ መጣች። የነዳጅ ደረሰኞቿን በላስቲክ አስራ ይዛለች። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። አብረን ስናሰላው 18 ሆነ። አልተቆጣችኝም። «ጋሼ፣ መኪናዋ ታማ ይሆን?» ብቻ አለችኝ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ መንገዱ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። የለካሁት ቁልቁለቱን ብቻ ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት፣ ሜዳ ላይ ከሚበላው ሌላ ወደ 0.7 ሊትር ቤንዚን ይሄዳል። ስትወርድ ያንኑ ያህል ታተርፋለህ። በማግስቱ ሽቅቡን ለካሁት። 17 መጣ። የደርሶ መልሱ አማካይ 20 ነው። 25 ብሎ መናገርም ይቻላል፣ 17 ብሎ መናገርም ይቻላል። ለኪስህ የሚጠቅምህ ግን 20 የሚለው ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። ጠርዙ በዘይት የጠቆረ፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ሉክ ደብተር ነው። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ መንገዱ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተጫነ እጽፍበታለሁ። የልጄ ፕሪየስ የአንተዋ ዓይነት ናት፤ ባለ 1.8 ሞተር። የእኔ መኪና ደግሞ ኮሮላ ዲ4ዲ ናት፤ 1.4 ናፍታ። ስለዚህ ለጥያቄህ የምመልሰው ከደብተሬ ነው።

ደላላው 30 የሚለውን ቁጥር ከሜዳ አላመጣውም። ይህችው ፕሪየስ ቀለል ባለው ሞዴሏ ጃፓን ውስጥ 10-15 በሚባለው የድሮ መለኪያ በሊትር 38 ኪሎ ሜትር ተብሎላታል። ጃፓኖች ጄሲ08 ወደሚባለው ጠንከር ያለ መለኪያ ሲዞሩ 32.6 ሆነ። አሜሪካኖች በራሳቸው መለኪያ በጋሎን 50 ማይል ሰጧት። ይህ ሲመነዘር በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ነው። 38፣ 32.6፣ 21። መኪናዋ አንድ ናት። የተለያየው ፈተናው ነው። ፈተናው የሚደረገው አዳራሽ ውስጥ፣ ጎማዋ የሚሽከረከር ብረት ላይ ተቀምጦ ነው። ዳገት የለም፣ ሚኒባስ ድንገት አይገባባትም። የናፍታዋም የፋብሪካ ቁጥር የሚወጣው እንደዚሁ ነው። አውሮፓ እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) ይጠቀምበት የነበረው ኤንኢዲሲ የሚባል መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለስለስ ያለ ፈተና ስለነበር ደብሊውኤልቲፒ በሚባል ሌላ መለኪያ ተክተውታል። እኔ ከሁሉም የአሜሪካኖቹን አምናለሁ። በስድስት ዓመት ደብተሬ ከእነሱ ቁጥር ብዙ ርቆ አያውቅም።

አሜሪካኖቹ ሌላም ነገር ጽፈዋል፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ለፕሪየሷ ከተማ ውስጥ 51 ማይል፣ ሀይዌይ ላይ 48 ማይል ነው የሰጧት። ተራ መኪና ከተማ ውስጥ የበለጠ ትበላለች። እሷ ግን ከተማ ውስጥ ትሻላለች። የጥያቄህ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ጎሮ ስትደርስ ያለውን ታውቀዋለህ። አስር ሜትር ትሄዳለህ፣ ትቆማለህ። ሚኒባሱ ረዳቱን አንጠልጥሎ ፊትህ ይገባል፣ ፍሬን ትይዛለህ። እስከ መገናኛ እንዲሁ ነው። በእኔ ናፍታ ሞተሩ ያንን ሁሉ ጊዜ ይሠራል። ቆሞ ሲሠራ ብዙ አይበላም፣ ናፍታ በዚህ ይመሰገናል። የሚጎዳኝ ሌላ ነው። መኪናዋን ለማንቀሳቀስ ያወጣሁት ጉልበት ሁሉ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ሙቀት ሆኖ ከጎማው ሥር ይበተናል። ከዚያ እንደገና ነዳጅ አቃጥዬ አነሳታለሁ፤ እንደገና ፍሬን። በልጄ ፕሪየስ ግን ሰልፉ ውስጥ ሞተሩ ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቻ ይታያል፤ ከኋላ ወንበር በኩል የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር ሲስብ ይሰማል። ፍሬን ቀስ ብለህ ስትይዝ የኤሌክትሪክ ሞተሯ ጄኔሬተር ይሆንና ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ያ የተመለሰው ቀጣዮቹን አስር ሜትሮች ያስኬድሃል። የቤንዚን ሞተሩ የሚነሳው የሚመቸው ሥራ ሲኖር ነው። እሱም ቢሆን ተራ የቤንዚን ሞተር አይደለም። አትኪንሰን በሚባል አሠራር ከእያንዳንዱ ጠብታ የበለጠ ጉልበት እንዲጨምቅ የተሠራ ነው።

ይህን ከደብተሬ ላውጣልህ። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ፣ በሥራ ቀን፣ ደርሶ መልስ፣ የብዙ ታንክ አማካይ፦ ፕሪየስ በሊትር 19፣ ኮሮላ ዲ4ዲ በሊትር 14።

አሁን አዳማ እንውረድ። በሰዓት 90 እየነዳሁ፣ ደርሶ መልስ፦ ፕሪየስ 20፣ ኮሮላ 21። ሰልፍ የለም፣ የሚመለስ የፍሬን ጉልበት የለም። ፕሪየሷ ጥሩ የቤንዚን መኪና ብቻ ሆነች። ናፍታዋ ደግሞ መንገዷን አገኘች። የናፍታ ሞተር አየሩን ከ16 እስከ 18 ጊዜ አጥብቆ ነው የሚያቃጥለው፤ ተራ የቤንዚን ሞተር 10 ጊዜ አካባቢ ነው። ናፍታ ራሱም በሊትር ከቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የሚበልጥ ጉልበት አለው። አራት ሰውና ሻንጣ ስንጭን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ፕሪየሷ 18፣ ኮሮላዋ 20። በሰዓት 110 ስነዳ ሁለቱም ወረዱ። ፕሪየሷ 17፣ ኮሮላዋ 18 ተኩል። ከ90 ወደ 110 ስትጨምር የአየሩ ግፊት ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ይህ ሃይብሪድም ናፍታም አይልም። በአዳማ መንገድ ላይ ነዳጅ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው መኪና ከመቀየሩ በፊት እግሩን ያንሳ።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ልበል። «አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ሃይብሪድ አይችለውም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ቦሌ ኤርፖርት እንኳ ከባሕር ጠለል ወደ 2,330 ሜትር ከፍ ይላል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ባለ ቱርቦ ናፍታ ይህን ያካክሰዋል። ዳገት ላይ ጭነት ስትይዝ ይህ ይሰማሃል። ግን ጉልበት ማነስና ነዳጅ መብላት አንድ አይደሉም። ስስ አየር መኪናዋን ፊት ለፊት የሚገፋትም በትንሹ ነው። ፕሪየሷ ደግሞ ስትነሳ በኤሌክትሪክ ስለምትታገዝ የከተማ ዳገት አያስቸግራትም። ደብተሬ ውስጥ ከፍታው ነዳጅ ሲያስበላት አላየሁም።

ወደ ሂሳቡ። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ 968 ኪሎ ሜትር ነው። ፕሪየስ 51 ሊትር፣ ኮሮላ 69 ሊትር። የአዳማው ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሁን። ፕሪየስ 9 ሊትር፣ ኮሮላ 8 ተኩል። ድምሩ 60 እና 77 ተኩል። በወር 17 ሊትር ገደማ፣ በዓመት ከ200 ሊትር በላይ ታተርፋለህ። የቤንዚንና የናፍታ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ የእያንዳንዷን ሊትር በየነዳጁ የዕለቱ ዋጋ ማባዛት ይበቃሃል። ያንን ብር ያዝና ደላላው በሁለቱ መኪኖች መካከል ከሚጠይቅህ የዋጋ ልዩነት ጋር አስተያየው። ፕሪየሷ በጣም ከተወደደች፣ ልዩነቱን ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅብህ ራስህ ታየዋለህ። ነገሩ ተገላብጦ ቢሆን፣ ሥራህ አዳማ ሆኖ መገናኛን በወር አንዴ ብታይ፣ ናፍታዋን ውሰድ እልህ ነበር።

ከመግዛትህ በፊት ግን የኋላ ወንበሩን እይ። ይህን በጣም አደራ እልሃለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ገበያ ላይ የምታገኛት ፕሪየስ የእኛን መንገድ ዓመታት የቀመሰች ናት። ባለፈው መጋቢት አንድ ሹፌር ከዚያው ከኮዬ መጣ። «18 ትሄድልኝ ነበር፣ አሁን 14 ወርዳለች፣ ባትሪው አልቋል አሉኝ» አለ። ፊቱ ጠቁሯል። የባትሪ ዋጋ ጠይቆ ነው የመጣው። የኋላ ወንበሩ ጎን የፕላስቲክ ወንፊት አለ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በዚያ በኩል በሚሳበው አየር ነው። ወንፊቱ ላይ የልጅ ጋቢና የትምህርት ቤት ቦርሳ ተጭኖበታል። አነሳሁት። ሽፋኑን ፈትቼ ማራገቢያውን አወጣሁ። ክንፎቹ አይታዩም። የኮዬ አቧራ፣ ፀጉርና የጋቢ ክር አንድ ላይ ተጋግረው ልክ እንደ ስፖንጅ ሆነዋል። በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ አጸዳኋቸው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ባትሪ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ራሱን ለመጠበቅ ብሎ ሥራ ይቀንስበታል። ያኔ የቤንዚን ሞተሩ ብቻውን ይለፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። 17 ተኩል ሆኗል። ባትሪውን ሳይገዛ ቀረ።

ስለዚህ ማራገቢያው ይታይ። ከዚያ ኮምፒውተር የሚያነብ መካኒክ ይዘህ ሂድ። የፕሪየሷ ባትሪ 28 ክፍሎች ተደርድረውበት የተሠራ ነው። ኮምፒውተሩ ጥንድ ጥንድ አድርጎ በ14 ቦታ ያነባቸዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ብቻ እንዳታነብብ። ዳገት አውጣት፣ ነዳጁን ጠበቅ አድርገህ ርገጥ፣ ያን ጊዜ ቁጥሮቹን እይ። አሥራ አራቱም ተቀራርበው ከወረዱና ተቀራርበው ከወጡ ጥሩ ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚወድቅ ከሆነ ዋጋ አስቀንስ፣ ወይም ተዋት።

መኪናዋን ከገዛህ በኋላ በራስህ መንገድ ለካ። አብዛኛው ሰው «የ1,000 ብር ቅዳልኝ» ይልና ሲያልቅ መልሶ ይቀዳል፤ በዚህ ምንም አይታወቅም። ሙሉ ቅዳ። ኖዝሉ ጠቅ ብሎ በራሱ ሲቆም ቀጂው ያቁም። ድፍን ብር ለማድረግ ሲጨምርልህ እምቢ በለው፤ ያ ጭማሪ ሂሳብህን ያበላሻል። ቆጣሪውን ዜሮ አድርግ። ታንኩ ግማሽ ሲወርድ፣ እዚያው ማደያ፣ ያው ፓምፕ ጋ፣ መኪናዋን በዚያው አቅጣጫ አቁመህ እስከ ጠቅታው ቅዳ። የሄድከውን ኪሎ ሜትር ለሊትሩ አካፍል። አንድ ጊዜ አይበቃም። ሦስት ጊዜ አድርገውና አማካዩን ያዝ። ሊትሩን መጻፍ ከረሳህ የቴሌብር ክፍያህን ተመልሰህ አይተህ በዕለቱ ዋጋ ብታካፍለው ታገኘዋለህ። ዳሽቦርዱ የሚነግርህን ለማወዳደር ብቻ ተጠቀምበት። የልጄ መኪና ዳሽቦርድ 20 ተኩል ሲል የእኔ ደብተር 19 ይላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሱሉልታ ነው የምጽፍልህ። ፕሪየስ ነው የምነዳው። ጠዋት እንጦጦን ተሻግሬ ወደ ፒያሳ ስወርድ መሀል ላይ ሞተሩ ድንገት ይጮሃል። ነዳጅ አልረገጥኩም! ማታ ስመለስ ደግሞ ነዳጅ በጣም ትበላለች። ባለቤቴ «ቁልቁለቱን ኤን (ዜሮ ማርሽ) ላይ አድርገሽ ውረጂ፣ ነዳጅ ይቆጥብልሻል» ይለኛል። መኪናዬ ምን ሆናብኝ ነው?
አንባቢ፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ እህቴ፣ መኪናሽ ጤነኛ ናት። ይልቅ ባለቤትሽን በዚህ አትስሚው። ይህን የምልሽ ስለ ነዳጁ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ስለ ሕይወትሽ ነው።

የፕሪየስ ባትሪ ትንሽ ነው። ሙሉ አቅሙ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን መኪናዋ የምትጠቀመው ከዚያም የተወሰነውን ብቻ ነው። ለጎሮ ሰልፍ ይበቃል። ለእንጦጦ ቁልቁለት ግን አይበቃም። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መንገድሽ አናቱን ባይነካም ረጅም ትወርጃለሽ። መውረድ ስትጀምሪ ባትሪው ይሞላል፤ ስክሪኑ ላይ ታዪዋለሽ። ከሞላ በኋላ የሚመለሰው ጉልበት መግቢያ ያጣል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ የቤንዚን ሞተሩን ያሽከረክረዋል። ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ባዶውን። የምትሰሚው ጩኸት ያ ነው። ሞተሩ መኪናዋን እየያዘልሽ ነው። ፍሬንሽ እንዳይግል እያገዘሽ ነው።

ኤን ላይ ስታደርጊው ይህ ሁሉ ይቀራል። ባትሪው አይሞላም፣ ሞተሩም መኪናዋን አይይዝልሽም። ሙሉ ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ከጋለ ደግሞ ፔዳሉን ብትረግጪውም አይሰማሽም። በዚያ ቁልቁለት ስንት የጭነት መኪና እንዳለ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ይልቅ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ቢ ላይ፣ ሞተሩ መኪናዋን በሚይዝበት ቦታ፣ አድርጊው፤ ሜዳ ስትደርሺ ወደ ዲ መልሺው። ሜዳ ላይ ቢ ላይ መንዳት ግን ነዳጅ ያስበላል።

ባለቤትሽ የሚነዳው ናፍታ ቢሆንም ምክሩ አይሠራም። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ነዳጅ ሳትረግጪ ሲወርድ ነዳጁን ጨርሶ ያቋርጣል። በዜሮ ማርሽ ስትወርጂ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማግኘት አለበት። በዜሮ መውረድ ይቆጥባል የሚባለው ከካርቡሬተር ዘመን የተረፈ ልማድ ነው።

የማታው ነገር ከላይ ለኮዬው ወንድማችን የነገርኩት ነው። ጠዋት ያተረፍሽውን ማታ ትከፍያለሽ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሽ ለኪው። ጠዋትና ማታው ተደምሮ 17 ወይም 18 ከመጣልሽ ምንም አትጨነቂ። ከ15 በታች ከሆነ ግን የባትሪውን ማራገቢያ አሳዪ፤ የጎማሽንም ንፋስ አስለኪ። ጎሚስታው በዓይኑ አይቶ «ይበቃል» ካለሽ አትቀበዪው፤ በመለኪያ ያሳይሽ። ልኩ በሹፌሩ በር ጎን ተለጥፏል።

ጥያቄ፦ የ2012 ሞዴል፣ ከአውሮፓ የመጣች ናፍታ መኪና አለችኝ። ቤቴም ሱቄም ቡራዩ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ናፍታ ቆጣቢ ነው ብለውኝ ነው የገዛሁት። አሁን ግን በሊትር 10 እንኳ አልሄደችልኝም። አንዲት ቢጫ መብራትም በርታለች፤ ሳጥን ውስጥ ነጠብጣብ ያለባት ትመስላለች። መካኒኩ «ቆርጠን እንጣለው» ይለኛል።
አንባቢ፣ ከቡራዩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መብራቷ የጭስ ማጣሪያው ናት። ዲፒኤፍ ይሉታል። የናፍታ ጥቀርሻ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ሲሞላ መኪናዋ ተጨማሪ ናፍታ እየሰጠች ማጣሪያውን ወደ 600 ዲግሪ ታሞቀውና ጥቀርሻውን ታቃጥለዋለች። ለዚህ ግን ሞተሩ ግሎ፣ ሳይቆም ደህና መንገድ መሄድ አለበት። አንተ ሦስት ኪሎ ሜትር ነድተህ ታጠፋታለህ። ማቃጠል ትጀምራለች፣ ሳትጨርስ ትቋረጣለች። በማግስቱ እንደገና ትጀምራለች። ያ ተጨማሪ ናፍታ በየቀኑ በከንቱ ይሄዳል። ሞተሩም ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ሁልጊዜ በብርድ ነው የሚሠራው። 10 የሆነብህ ለዚህ ነው።

አታስቆርጠው። ያ ጥቀርሻ ማጣሪያው ከሌለ የሚሄደው ሱቅህ ደጃፍ ላይ ወደሚጫወቱት ልጆች ሳምባ ነው። መብራቷ ቢጫ ሆና፣ ሌላ መብራት ሳይጨመርና ጉልበቷ ሳይቀንስ ከሆነ ገና አልመሸም። እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ዘይቷን አይተህ ወደ ሆለታ ውጣ። ከፍ ባለው ማርሽ አትንዳት፤ አንድ ዝቅ አድርገህ ሞተሩ ከ2,000 ዙር በላይ እንዲሠራ አድርግ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትቆም ንዳ። የሞተር ሽታ ቢመጣብህ ወይም ማራገቢያው ቢጮህ አትደንግጥ፣ እያቃጠለች ነው። መብራቷ እስክትጠፋ አትቁም። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ አንዴ እንዲህ አውጣት። ዘይቱንም በየጊዜው ቼክ አድርግ። ሳይጨርስ የሚቋረጥ ማቃጠል ናፍታ ወደ ዘይቱ ያወርዳል። ዘይቱ ከልኩ በላይ ጨምሮ ካገኘኸው ወዲያው ቀይረው። ሆለታ ደርሰህ ተመልሰህም መብራቷ ካልጠፋች ከዚያ በላይ አትንዳት፤ ማጣሪያውን አውርዶ የሚያጥብ ጋራዥ ውሰዳት።